አጎቴ ሳያይ ፎርማት ያደረገው ዲስክ

አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር ሲግል የሚሸተው ሽታ አፍንጫዬ በደረሰ ቁጥር፣ በስደት ሳለን ሳጃና ሰፈር የነበረው ቤታችንና አጎቴ ሰኢድ አብረው ይመጡብኛል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚያው ከተማ ቡሪ ሰፈር ውስጥ ፍላሽ ላይ ዘፈን የሚጭንበት ሱቅ ነበረውና ራሱን «መሐንዲስ» እያለ ይጠራ ነበር። መሐንዲስነቱ ፍላሽ ፎርማት ከማድረግ፣ ማለትም ያለበትን ሁሉ ደምስሶ ባዶ ከማድረግ፣ አያልፍም ነበር።

የቤታችንን ኮምፒውተር ለእናቴ የሰጠቻት፣ እዚያው ከተማ ሪያድ በሚባለው ሰፈር በሠራተኝነት የተቀጠረችበት ቤት ልጅ ነበረች። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ አምስት ፊደል ሲጻፍ የተሰኩት ዲስኮች ሁሉ ከነስማቸውና ከነመጠናቸው እንደሚዘረዘሩም አሳይታት ነበር።

በብርዱ ወራት፣ ሱቁ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር አጎቴ እኛ ቤት እየመጣ፣ ፍላሹን ሰክቶ፣ ዝርዝሩን ሳያይ ሁለተኛውን ዲስክ ፎርማት የሚያደርገውን ትእዛዝ በቃሉ ይጽፍ ነበር። ከኮምፒውተሩ ከራሱ ዲስክ ሌላ የሚሰካ ስላልነበረ፣ ሁለተኛው ሁልጊዜ ፍላሹ ነበር። ደረቱን የሚነፋው በዚህች ዕድል ነበር፤ እኔም ሞኟ አፌን ከፍቼ አየው ነበር።

ሙቀቱ አልፎ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ የሟቹን አባቴን ቪዲዮ እያየን ሳለ መጣ። አባቴ ወሎ ላለችው እናቱ ሰላምታ የሚልክበት ያ ቪዲዮ፣ ከድምፁ የቀረን ብቸኛው ነበር፤ ያለበትም ትልቅ ዲስክ ቀድሞ ተሰክቷል። አጎቴ ፍላሹን ከጎኑ ሰክቶ እንደልማዱ መጻፍ ሲጀምር፣ እናቴ መጀመሪያ ዝርዝሩ ይታይ አለችው።

«የላ፣ እህቴ፣ ይሄ የሸጋላ ሥራ አይደለም» አለና፣ የቤት ሠራተኛነቷን በአረብኛ አንስቶባት ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እናቴ እጇን ወደ ዲስኩ ስትዘረጋ እሱ ትእዛዙን ጨርሶ ነበር።

የዚያን ቀን ሁለተኛው የአባቴ ዲስክ ነበር፤ ፍላሹ ሦስተኛ ሆኖ ሳይነካ ተርፏል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ መሐንዲሱ ጥፋቱን አንዴ በአቧራው፣ አንዴ በመብራቱ እያላከከ፣ ይቅርታ ሳይል ፍላሹን ነቅሎ ወጣ።

«ዝርዝሩን ቢያየው ምን ነበረበት?» አለች እናቴ፣ እሱ ከሄደ በኋላ።

ዛሬ እንጀራዬ የሰው ዲስክ መጠገን ነው፤ አንዱንም ከመንካቴ በፊት አምስቱን ፊደል ጽፌ፣ ስሙንና መጠኑን ደጋግሜ አያለሁ። ያኔ የአባቴን ድምፅ ከሺህ ሰው መሐል እለየው ነበር። ዛሬ የስንቱን ሰው ድምፅ አድኜ፣ የሱን ለማስታወስ ስሞክር አይመጣልኝም፤ የሚመጣልኝ የአጎቴ ሳቅ ነው፣ ከሱም በላይ የኔ።