የአስታዋ ድንጋይ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ጠርጥሬ ነው የተመነጠርኩት።

ጎባ ባለው ግቢዬ፣ አጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ ከምሬ በመካከሉ የደጋ ቁጥቋጦ አሳድጋለሁ። ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፈውን ዓይነት። ከተከልኳቸው ጦስኙ አላስቸገረኝም። የምሳሳላት ከጉልበቴ የማትበልጥ አንዲት አስታ ነበረች፤ መንገድ ሲቆረጥ ተነቅላ ከተጣለችበት አንስቼ ያመጣኋት። አብረዋት የመጡት ሦስቱ ደርቀዋል፤ የእሷም ጫፍ መቅላት ጀምሯል።

አጥሩ ያኔ የሳሳ እንጨት ነበር። ከማዶ ያሉት ጎረቤቴ እላይ ደጋው ላይ ተወልደው ያደጉ አሮጊት ናቸው። ድንጋዩን ስከምር አይተው፣ "መምህር፣ ድንበር ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ለአትክልት ነው፣ እማማ።"

ድንጋዩንም እኔንም ደጋግመው አዩ። አስተያየታቸው አላማረኝም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ከአስታዋ አጠገብ የነበረው ድንጋይ ከአጥሩ ርቆ ወደ ቤቴ በኩል ገባ ብሏል። መለስኩት። በሳምንቱ ያው ሆነ። ሜትር አመጣሁ፤ ከአጥር እስከ ድንጋይ ለክቼ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ ዛሬ ድንጋይ፣ ነገ አጥር። ሜትሬን እንደያዝኩ ሄድኩና ልጆቻቸው ፊት፣ "ድንበር መግፋት ከእርስዎ አይጠበቅም ነበር" አልኳቸው።

ሜትሩን ትንሽ አዩት።

"ሳቶ ንፋስ አይችልም" አሉ፤ አስታን በኦሮምኛ መጥራታቸው ነው። "እኛ አገር ድንጋይ ተከልሎ ነው የሚያድገው። ንፋሱ በቤትህ በኩል ነው የሚመጣው፤ አንተ ድንጋዩን በአጥሩ በኩል አደረግከው። እንዳትደርቅብህ ብዬ ነው።"

አፈርኩ። በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ብሄድ፣ "ምንም አይደል" ብለው በሩን መለስ አደረጉት። ሳምንት ሳይሞላ በመካከላችን ቆርቆሮ አሳጠሩ።

አስታዋ ድንጋይዋን ተከልላ ዳነች። ዘንድሮ ሌላ ጨመርኩ፤ አሁን ግን ንፋሱ ከቆርቆሮው ጋር እየተላተመ በየት እንደሚመጣ ጠፋኝ። አዲሷም መቅላት ጀመረች። አንድ ጠዋት እሳቸው ደጃቸውን ሲጠርጉ ሰምቼ ቆርቆሮውን ተጠጋሁና በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው።

"አካም ቡልተኒ፣ እማማ? ለአዲሷ ድንጋዩን በየት በኩል ላድርግላት?"

መጥረጊያው ቆመ።

"ሜትርህን ጠይቀው" አሉና መጥረጋቸውን ቀጠሉ።