ከሰው ሥር ለመነሳት

ባለፈው ሳምንት ሸሚዝ ላሰፋ ገላባት ገበያ ገባሁ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አንስቶ ቀኝ እጄን ለካ፤ ከዚያ ግራውን ያዘ።

«ዘርጋው እንጂ» አለኝ።

«ዘርግቼዋለሁ።»

ክርኔን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። «ይኼ እጅ እሺ አይልም። ምን ነክቶት ነው?»

ወድቄ ነው ብዬ አለፍኩት። እውነቱ ከዚያ ረዘም ይላል፤ ባስታወስኩት ቁጥርም ያናድደኛል።

ያኔ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ነበርኩ፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ። የጎንደሩ ሰው ሐጂ ኢድሪስ ሱቅ ውስጥ እየሠራሁ ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል አድር ነበር። ሰሊጥና ሳሙና እሸጣለሁ፤ ደንበኛ ሲጠፋ በሳሙና ካርቶን ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ። ግጥሞቼ ውስጥ የሚደፍረኝ አልነበረም። ኸሪፉ፣ የዝናቡ ወር ማለት ነው፣ ሊገባ ሲል ግን ዕቃ ላመጣ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ገላባት ወረድኩና ጭነት መኪና ላይ ቦታ ስሻማ ከአንድ ሰው ጋር ተያያዝኩ። ሰውየው ትከሻዬ ላይ እንኳ አይደርስም። ጣለኝና ደረቴ ላይ ተቀመጠ። መምታት አላስፈለገውም፤ ዝም ብሎ ተቀመጠ። የከበበን ሰው ሁሉ ይስቃል። አንዲት ሻይ ሻጭ፣ «ተነስ እንጂ አንተ! ሰውዬው ሻይ ሊያዝ ነው!» አለች። መነሳት አቃተኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከሰው ሥር እንዴት እንደሚነሱ ማወቅ። ይህን የሚያስተምረው ጁጂትሱ የሚባለው ትግል መሆኑን ስልክ ላይ አየሁ። ጊዜዬ አጭር ነበር። ኸሪፉ አልፎ ሰሊጥ ሲደርስ ከአገር ልጆች ጋር ለአጨዳ የሰሊጥ እርሻ ወዳለበት መፋዛ እወርዳለሁ ብዬ ለሐጂ ነግሬያቸዋለሁ። ያኔ መኪና ላይ ስወጣ ማንም ደረቴ ላይ የማይቀመጥብኝ ሰው ሆኜ መሆን አለበት።

ፈልጌ ያገኘሁት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ኡስታዝ ያሲር የሚባል ሱዳናዊ የሚያስተምርበት አዳራሽ ነበር። የገዳሪፍ ጭቃ ጥቁር ነው፤ ጫማ ከያዘ አይለቅም። እሱን አቋርጬ ስደርስ ኡስታዙ በር ላይ እግሬን አስታጠበኝ። ውስጡ ምንጣፉ ንጹሕ ነው፤ የሚጮህ ሰው የለም። ከአንድ ሽበታም ሰው ጋር አጣመረኝ። ሽበታሙ እጄን ቀስ ብሎ ጠመዘዘና በአረብኛ፣ «ሲያምህ ሁለቴ መታ አድርገኝ፤ እለቅሃለሁ» አለኝ። መታ አደረግኩት፤ ለቀቀኝ። «ማአሌሽ፣ አይዞህ» አለና ሌላውን እጄን ያዘ። ሰዓቱ በሙሉ ያለቀው በዚሁ ነው።

በንዴት ተቃጥዬ ተመለስኩ። «መሸነፍማ መቼ አቃተኝ? እሱን ነው እንዴ የሚያስተምሩኝ?» አልኳቸው ሐጂን።

ሐጂ ሰሊጥ በወንፊት እየነፉ፣ «በቃኝ ስትለው ከለቀቀህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ልጄ?» አሉ። አልሰማኋቸውም።

ሁለተኛው ከሰሊጥ መጋዘን ጀርባ ያለ ግቢ ነው። ገለባ ተነጥፎ ሸራ ለብሷል፤ ግድግዳው ላይ ነብር ተስሏል፤ ነብሩ ወደ ድመት ያደላል። አሠልጣኙ ደሳለኝ ይባላል፤ ግዙፍ ሰው ነው። ገና ሰላም ስለው፣ «የየት ልጅ ነህ?» አለኝ።

«ጭልጋ።»

«እናቴ እኮ የጭልጋ ሴት ናት! በል ቁጭ በል፤ መጀመሪያ ምሳ!»

ሰሊጥ ዘይት የጠጣ ፉል መጣ። ከአንድ ሳህን በላን፤ ደጋግሞ አጎረሰኝ። እያላመጥኩ፣ «እዚህ ግቢ እጅ መስጠት የሚባል ነገር የለም» ሲለኝ ልቤ ሞቀ። ስለ ትምህርቱ አንድም ነገር ሳልጠይቅ ትምህርት ቤት መረጥኩ። የኛ ሰው ከአገሩ ልጅ እጅ ከጎረሰ በኋላ «ልዙርና ሌላም ልይ» የሚልበት አፍ የለውም።

ከዚያ በኋላ አሸዋ የሞላ ጆንያ መሸከምና በዝናብ መሮጥ ብቻ ሆነ። «ጋሼ፣ መነሳቱን መቼ ነው የምታሳየኝ?» ስለው፣ «ትደርስበታለህ፤ ወገብህ ይጠንክር» ይለኛል። ሰውየው መነሳቱን ራሱ እንደማያውቀው በሁለተኛው ሳምንት ገብቶኛል። ያን የሚያህል ሰው ደረት ላይ ማን ተቀምጦ ያውቃል?

አንድ ከሰዓት በኋላ ተደብቄ ወደ ኡስታዝ ያሲር አዳራሽ ሄድኩ። በሩ ላይ እግሬን ስታጠብ ከኛ ግቢ የሚሠለጥን አንድ ባለጋሪ አህያውን እየነዳ አለፈ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሳልገባ ተመለስኩ። በማግስቱ ደሳለኝ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንገቱን ደፍቶ፣ «ፉሉ አልጣመህም እንዴ?» ብቻ አለኝ። ሁለተኛ ወደዚያ ሰፈር አልሄድኩም።

ዝናቡ ቆመ። መፋዛ ልንወርድ ሦስት ቀን ሲቀረን ደሳለኝ፣ «ዛሬ እኔና አንተ ነን» አለኝ። ወዲያው ጣለኝ፤ ደረቴ ላይ ወጣ፤ ግራ እጄን ይዞ ወደኋላ ይወስደው ጀመር። እንድጮህ ትዕቢቴ አልፈቀደልኝም። ቀኝ እጄ ግን የሽበታሙን ትምህርት አልረሳም፤ ሳላዘው የደሳለኝን ጀርባ ሁለቴ መታ አደረገ።

«ጎሽ! መምታት ጀመረ!» አለ ደሳለኝ በደስታ፤ ጨመረበት። ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ መታ አደርጋለሁ፤ እሱ ይጨምራል። ሁለቴ መታ ማድረግ ልቀቀኝ ማለት መሆኑን በዚያ ግቢ ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከክርኔ ውስጥ እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ።

የአገር ልጆች የተጫኑባት መኪና በሱቁ በር ጡሩምባዋን እየነፋች ስታልፍ እኔ እጄ በነጠላ ታስሮ ሳሙና እደረድር ነበር። የዚያን ዕለት ደሳለኝ በሳህን ፉል ይዞ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅሯል። «ምነው ወንድሜ፣ በቃኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለኝ። የምመልሰው ነበረኝ። እሱ ግን እየጠየቀ አጉርሶኝ ስለነበር አፌ ሙሉ ነበር። ሐጂ ከወንፊታቸው ቀና ብለው አዩኝና ተመልሰው መንፋት ጀመሩ።

አሁን አንድ ጀማሪ የቱን ልምረጥ ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ። የተሳለውን ነብር አትይ፤ የሰውየውን አገር አትጠይቅ፤ በቃኝ ስትል የሚለቅህ መሆኑን ብቻ እይ፤ እስከዚያው እህል አትቅመስ። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሰፊው የሰቀላቸውን ሸሚዞች አየሁ። ኮሌታቸው ተንጋዷል። ሦስት ሱቅ አልፎ ከሱ የሚሻል ሰፊ አለ፤ ሥራውንም አይቻለሁ። ጨርቄን ሰብስቤ ልነሳ ስል ሰፊው ሜትሩን እየጠቀለለ ጠየቀኝ።

«ለመሆኑ የየት ልጅ ነህ?»

«ጭልጋ።»

«አትለኝም!» አለና ወደ በሩ ዞሮ ጮኸ፤ «ሻይ! ለአገሬ ልጅ ሻይ!»

ተመልሼ ተቀመጥኩ።