ስንዱ ያላፈሰሰችው ዘይት

ሥራ የጀመርኩት ሞላሌ ውስጥ በነበረ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ክፍል ነው። በመጀመሪያው ቀን ዋና መካኒኩ ባሻ ይመር አንድ ባልዲ ናፍጣና ቁራጭ ጨርቅ አስያዙኝና ዘይት የሚያፈስ ካምቢዮ ፊት አቆሙኝ። «ከየት ነው የሚያፈሰው?» አሉኝ። የረጠበውን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። ጆሮዬን ይዘው ጠመዘዙት። «ይኸ ያረፈበት ነው። እኔ የጠየቅሁህ የወጣበትን ነው። እጠበው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ እየው።»

ሳጥብ ዋልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዘይቱ እኔ ካሳየሁት ቦታ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ከማርሽ ዘንጉ ሥር ሲወጣ አየሁት። ጆሮዬ እንደቀላ ወደ ቤት ገባሁ።

ከረዳትነት ተነሥቼ ዋና መካኒክ እስክሆን ስንት ሞተር እንደፈታሁ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ግን ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ስለገጠመኝ አንድ ትንሽ ትራክተር ነው። ነገሩን ባነሣሁት ቁጥር እናደዳለሁ። የንዴቴ ግማሽ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

ያን ጊዜ የምሠራው የአፕል ችግኝ በሚፈላበት ጣቢያ ነበር። ትራክተሩ ለጓሮና ለችግኝ መደብ የተሠራ፣ ፍግና አፈር በተሳቢ የሚጎትት ነው። ካምቢዮውና ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል በአንድ የብረት ቤት ታሽገዋል። ከዚያ ቤት በግራና በቀኝ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞሩ ሁለት ዘንጎች ይወጣሉ። ዘንጉ በሚወጣበት ላይ ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት አለ፤ ኦይል ሲል እንለዋለን።

ነጂዋ ስንዱ ትባላለች። ቀየት ከሚባል አገር የመጣች ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነበር። የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነች በአንድ ደብዳቤ ልትሰናበት ትችላለች። ይህን እሷም እኛም እናውቃለን።

አንድ ቀን የቀኙ የኋላ ጎማ በዘይት ርሶ አገኘነው። ኦይል ሲሉን ቀየርኩ። ሳምንት ሳይሞላው እንደገና አፈሰሰ። ሁለተኛ ቀየርኩ፤ አሁንም አፈሰሰ። የብረት ቤቱን አላጠብኩትም። ይህን ያህል ዘመን የሠራ ሰው ርጥበቱን አይቶ ያውቃል ብዬ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ከረምኩ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ጥላዬ ቢሮው አስጠራኝ።

«ጋሽ ደጉ፣ ሁለት ኦይል ሲል ተበላ። ዕቃው አዲስ ነው። እንግዲህ ችግሩ የነጂዋ ነው ማለት ነው» አለኝ።

«መንስኤውን ገና አላገኘሁትም» አልኩት።

«ባዶ የጥገና ቅጽ ወደ ወረዳ አልክም። የሆነ ነገር ይጻፉበት።»

ጻፍኩ። «የአያያዝ ጉድለት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። በእኛ ሙያ መካኒክ ያቃተውን ሁሉ የሚጥለው እዚህ ቃል ውስጥ ነው። ያሳፍራል፤ ግን ሁላችንም ጽፈነዋል።

በዚያች ወረቀት ስንዱ ከሥራ ታገደች። ኮንትራቷ በወሩ መጨረሻ እንደሚቋረጥም ደብዳቤ ደረሳት። በምትኳ አንድ ወንድ ሹፌር ተቀመጠ። ሦስተኛ ኦይል ሲል ቀይሬ አስረከብኩት። በአራተኛው ቀን አፈሰሰ። አቶ ጥላዬ «ዕቃው ፎርጅድ መሆን አለበት» አለ እንጂ ስለ አያያዝ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ስንዱ ቤት ሄድኩ። የበግ ጠጉር እየፈተለች ነበር። «ኖር» ብላ ብድግ አለችልኝ፤ ፊቷ ግን እንደ ቃሏ አልነበረም።

«በእግዜር። ስንዱ፣ የመጣሁት ስለ ትራክተሩ ልጠይቅሽ ነው።»

«ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ነው የሚጠይቁኝ ጋሼ?»

«አጥፍቻለሁ» አልኳት።

እንዝርቷን አስቀመጠች። «ጠዋት አያፈስም። ሲሞቅ ነው። ከቀትር በኋላ የዘይቱን ክዳን ስፈታው ደግሞ እፍ ይላል። ለአቶ ጥላዬ ነግሬያቸው ነበር። ‹አንቺ ንጂ፤ ጥገናውን ለመካኒክ ተይው› አሉኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እንግዶቹ መጥተው ከሄዱ ወዲህ።»

እንግዶቹ ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ጎብኚዎች ነበሩ። ሊመጡ ሲሉ አቶ ጥላዬ ጣቢያውን በሙሉ አስቀባ። አጥሩ፣ በሩ፣ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ሳይቀር ተቀባ። ትራክተሩንም የቀን ሠራተኞች በቡሩሽ አረንጓዴ ለቀለቁት።

እንዲህ ያለ ካምቢዮ ከላዩ መተንፈሻ አለው። ከወንበሩ ሥር ያለች፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ቆብ የደፋች ቀዳዳ ናት። ዘይቱ ሲሞቅ የታመቀው አየር በእሷ ይወጣል። እሷ ከተደፈነች አየሩ ዘይቱን እየገፋ በደካማው በኩል ያወጣዋል። ደካማው ኦይል ሲሉ ነው። ይህን ለረዳቶች ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ።

ተመልሼ ወንበሩን አነሣሁና ቤቱን በናፍጣ አጠብኩት። መተንፈሻዋ ከነቆቧ በቀለም ተለስናለች። ቀለሙን በወስፌ ፈነቀልኩት። ትራክተሩ ገና ከሥራ መግባቱ ስለነበር አየሩ እፍ ብሎ ወጣ። ተሳደብኩ። ማንን ማንን እንደሰደብኩ አልጽፍም፤ አንዱ ግን እኔ ነበርኩ።

የተላጠውን ቀለም ወስጄ አቶ ጥላዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ዘይቱን ያፈሰሰው ነው። እርስዎ ያስቀቡት ቀለም።»

በእስክሪብቶው ገፋ አደረገው። «ጥሩ፤ እንግዲህ ተስተካክሏል ብለው ይጻፉ።»

«ስንዱስ?»

«ደብዳቤው ወጥቷል ጋሽ ደጉ። ለአንዲት የኮንትራት ሠራተኛ ብለን መሥሪያ ቤቱን አናስወቅስም። እርስዎም ጡረታዎን በሰላም ይውጡ።»

ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል አልኩት፣ ፊት ለፊቱ። በሥራ ዘመኔ አለቃ ላይ ስጮኽ ያ የመጀመሪያዬ ነው። አልተጸጸትኩም።

ለወረዳው በእጄ ጽፌ አመለከትኩ፦ «ቀድሞ የጻፍኩት ሐሰት ነው። መንስኤውን ሳላገኝ ፈርሜያለሁ።» ከሳምንት በኋላ ነገሩን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች ተላኩ። ሰብሳቢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው «የትኛውን ፊርማዎን እንመን?» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። «ፊርማዬን ይተዉትና ትራክተሩን ይዩት» አልኳቸው።

አዲስ ኦይል ሲል ገጠምኩ። ቤቱን አጥቤ አደረቅኩ። መተንፈሻዋን ቀለሙ ደፍኗት እንደነበረው እንድትደፈን በላስቲክ ጠቅልዬ በሽቦ አሰርኳት። «ስንዱ ትንዳው» አልኩ። አቶ ጥላዬ «ታግዳለች» ሊል አፉን ሲከፍት ሰብሳቢው በእጃቸው ዝም አሰኙት።

ዘይቱ ቶሎ እንዲሞቅ ስንዱ ተሳቢው ላይ ከወትሮው የበዛ አፈር አስጭና ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ ዋለች። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው ያያሉ። እኔ ስምንት ሰዓት እስኪሆን አልተቀመጥኩም። ይኸ ነገር ካልያዘ ልጆቿን ይዛ የምትገባበት እንደሌላት አውቃለሁ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል በቀኙ ጎማ ላይ ዘይት ወረደ። ሽቦውን ፈታሁት። አየሩ ሲወጣ ሰብሳቢው በራሳቸው ጆሮ ሰሙ። በማግስቱ ያንኑ ኦይል ሲል ሳልነካ፣ ቤቱን ብቻ አጥቤ፣ መተንፈሻዋን ከፍቼ ለስንዱ ሰጠኋት፤ ቀኑን ሙሉ ነዳችው። ሲገባ ሥሩ ነጭ ካርቶን አነጠፍኩ። ጠብታ አልነበረበትም።

ስንዱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አቶ ጥላዬ ምንም አልሆነም፤ ቀለም መቀባት ጥፋት ተብሎ አይጻፍም። ይኸ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኔ በሐሰተኛ ሪፖርት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። እሱ ይገባኛል።

ስንዱ አላመሰገነችኝም። የወሰድኩባትን ነው የመለስኩላት፤ ስለ ምን ታመሰግነኛለች? ጡረታ እስክወጣ ድረስ ግን ያልለመደችው ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀጥ ብላ ወደ እኔ ትመጣ ነበር። እኔም እጄን ጠርጌ እስክትጨርስ እሰማት ነበር።

ለወጣት መካኒኮች የምለው አጭር ነው። መንስኤውን ካላገኛችሁ ቅጹ ላይ «አላገኘሁትም» ብላችሁ ጻፉ። አለቃ ይቆጣል፣ እናንተም ታፍራላችሁ። በዚያ ቃል ግን ማንም ከሥራው አይባረርም።