ከመርጫ ሞተር የሠራሁት ብስክሌት

እናቴ ወድቃ እግሯ መሰበሩን የሰማሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። እሷ ሞጣ ነበረች፣ እኔ ቢቸና። ወሬውን ያደረሰኝ በርበሬ ጭኖ የሚያልፍ የመኪና ረዳት ነው። «ወንድምህ አትደንግጥ ብሎሃል፤ ወጌሻ አይቷታል» አለኝና መኪናው ላይ ተንጠላጠለ። በዚያን ጊዜ ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚያልፍ መኪና በሳምንት አንድ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ እሱም ከጆንያው በላይ ቦታ ከተረፈ። እንደምንም ደርሼ ሳያት እናቴ በምርኩዝ መቆም ጀምራለች። አልወቀሰችኝም። «አንተ እኮ የመንግሥት ሰው ነህ፤ እንዴት ይመችሃል» አለች። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበርኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ። አባታችን ቄስ ነበር፤ በልጅነታችን ሞተብን። እናታችን ሁለታችንንም ማስተማር ስላልቻለች፣ በአራት ዓመት የማንሰው ወንድሜ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። የመምህራን ማሠልጠኛ የጨረስኩት ከወፍጮ ቤት በሚያገኘው ነው። ይህን በቤታችን ማንም አፍ አውጥቶ ተናግሮት አያውቅም።

ከሞጣ ስመለስ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሳስነጥስ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሞተር ብስክሌት መግዛት የማይታሰብ ነው። ብስክሌት ላይ ሞተር መግጠም ግን ማን ይከለክላል?

ብስክሌቱን ጡረታ ከወጣ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ አገኘሁ። ቀለሙ የተላጠ፣ የኋላ ፍሬን የሌለው፣ ገጠር ለገጠር ሲዞር የኖረ ብስክሌት ነው። ሞተሩ ደግሞ የተምች መድኃኒት በጀርባ ታዝሎ የሚረጭበት መሣሪያ ሞተር ነበር። መሣሪያው ተሰብሮ ከአሮጌ ብረት ጋር ለጨረታ ወጥቶ፣ ከእኔ በቀር የፈለገው አልነበረም። ያን ወር ምሳዬ የተቆላ በቆሎ ሆነ።

ከዚያ በፊት መፍቻ ጨብጬ አላውቅም። ዳዶ ወደየት ሲዞር እንደሚጠብቅና ወደየት ሲዞር እንደሚላላ የተማርኩት አንዱን ቡሎን ከነአንገቱ ቆርጬ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ላይ ጆንያ አንጥፌ፣ ሞተሩን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፤ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ የሚተርፍ ነገር አለ።

በሁለተኛው ሳምንት የቀበሌው ሊቀመንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ።

«ጓድ መምህር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብስክሌት ነው።»

«ሞተሩስ?»

«ብስክሌቱን እንዲገፋው ነው።»

«ወዴት ነው የሚገፋው?»

«ወደ ሞጣ። እናቴ ታማለች።»

ሞተሩን በእግሩ ነካ አደረገው። «ቢቸና ውስጥ እናቱ ያልታመመችበት ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። በማግስቱ ቢሮው አስጠርቶ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት ከአውራጃው ላልወጣ አስፈረመኝ። ሞጣ ሌላ አውራጃ ነው። በውይይት ክበብ ላይ ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተነስቶ «ሰፊው ሕዝብ በእናት አገር ጥሪ ላይ እያለ መጫወቻ የሚገጣጥሙ ምሁራን አሉ» ብሎ ተናገረ። ስሜን አላነሳም፤ ሰው ሁሉ ግን ዞሮ አየኝ። ግለ ሂስ አደረግሁና ተቀመጥኩ። ማታ የተቆጨሁት ሞተሩን በመግዛቴ ሳይሆን ሰው በሚያየው ደጃፍ ላይ በማስቀመጤ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጓዳ ውስጥ እየዘጋሁ መሥራት ጀመርኩ።

ጥፋቴን ልዘርዝረው ብል አያልቅም። በመጀመሪያ ሞተሩን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስሬ በካቴና ላገናኘው ሞከርኩ። ሲነሳ ካቴናው ዘሎ የጎማውን ሽቦዎች አጨዳቸው። ቀጥሎ ያለ ዘይት ንጹሕ ቤንዚን ሞልቼ አስነሳሁት። ለጥቂት ደቂቃ ጮኸ፤ ከዚያ ድምፁ ቀጠነና ዝም አለ። ገመዱን ብስበው ንቅንቅ አይልም። የጋለውን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን፣ በባዶ እጄ ይዤ መዳፌ ተላጠ፤ ለአንድ ሳምንት ጠመኔ መያዝ አቅቶኝ ለልጆቹ በቃል አስተማርኩ።

ለወንድሜ ጻፍኩለት። መልሱ በአንድ ነጋዴ እጅ መጣ፤ ዱቄት በነካው ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ። «ጋሼ፣ ይህ ዓይነት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ካልቀላቀሉለት ፒስተኑ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቀራል። እንዳትደበድበው። ካቴናውን ተወው። ሁሉንም ይዘህ ና» ይላል። ከሥሩ የብስክሌት ጎማ ስሎ፣ ከጎማው ላይ የተጫነ ትንሽ ክብ ብረት ስሎበታል።

በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ይለፍ ለምኜ፣ ብስክሌቱንም ሞተሩንም ጭኜ ሞጣ ሄድኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ወፍጮ ቤት ውስጥ ዋልን። ወንድሜ ፀጉሩም ቅንድቡም ነጭ ሆኖ፣ ወፍጮው ሲቆም ወደ እኔ ይመጣል፣ ሲነሳ ይመለሳል። የነከሰውን ፒስተን በጋዝ ነክሮ አሳድሮ በእንጨት እየነካካ አላቀቀው። ባለ ወፍጮው የተጣለ የብረት ዘንግ ሰጠን። ወንድሜ ያንን ቆርጦ፣ ላዩን በመጋዝ እየሸረከተ፣ የሚዞር ጥቅል ሠራ። ሞተሩ ጥቅሉን ያዞረዋል፣ ጥቅሉ ጎማው ላይ ተጭኖ ጎማውን ያዞረዋል። መቆም ሲያስፈልግ በአንድ የእንጨት እጀታ ጥቅሉን ከጎማው አንስቶ መያዝ ነው። ሌላ ማርሽ የለውም።

አንዱን ቡሎን በንዴት ስታገለው እጄን ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ብረት እንደ ተማሪ አይደለም። ቢቆጡት አይሰማም።»

«ተማሪስ መች ይሰማል?» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ አባታችንን ይመስላል።

«አንተ ብትማር ኖሮ መሐንዲስ ትሆን ነበር» አልኩት፤ ለማመስገን ብዬ። ሳቁ ቆመ። «እስኪ ፒንሳውን አቀብለኝ» አለኝ። ምነው ያን ቃል ባልተናገርኩት እስከ ዛሬ እላለሁ።

ያን ጊዜ ወደ ቢቸና የተመለስኩት በራሴ ብስክሌት ነው። በሜዳው ላይ ሞተሩ ይገፋል፣ በዳገቱ ላይ እኔም በፔዳል አግዘዋለሁ፣ ቁልቁለቱን ጥቅሉን አንስቼ ለቅቄው እወርዳለሁ። ፈለገ ብርሃን ስደርስ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አየኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ እስከ ግንቦት ይለፍ እየለመንኩ ሁለት ጊዜ ሄጄ እናቴን አየሁ። ቤንዚን በራሽን ስለሆነ ለደርሶ መልስ የምትሆን እስካገኝ ወር ያልፋል።

ሰኔ ላይ፣ ፈተና እያረምኩ፣ ያ የመኪና ረዳት ክፍሌ ድረስ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ።

«ወንድምህን ወስደውታል።»

«የት ነው የወሰዱት?»

«ለብሔራዊ ውትድርና ነዋ። አፈሳ ነበር። ከወፍጮ ቤት በር ላይ ነው የያዙት። እስከ ነገ ወዲያ ሞጣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ናቸው ይላሉ።»

ይለፍ ለመጠየቅ አልሄድኩም። ሳይነጋ ወጣሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ አድሮ ነበር። እስከ ደብረ ወርቅ ደህና ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ መረሬው ጭቃ ጎማው ላይ እየተጋገረ ጥቅሉ መንሸራተት ጀመረ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ብስክሌቱ አይሄድም። አሮጌ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ይዤ ነበር፤ ቆርጬ ጥቅሉ ላይ ጠቀለልኩት፣ ትንሽ ያዘልኝ። ተበጠሰ፤ ሌላ ጠቀለልኩ። ጭቃው በበረታበት ሁሉ እየገፋሁት ነው የሄድኩት። አንድ ቦታ ላይ ጥዬው በእግሬ ልሂድ አልኩ፤ ከዚያ ደግሞ የወንድሜ እጅ ያለበት መሆኑን አሰብኩና ገፋሁ።

ሞጣ ስገባ ቀኑ ወደ ማምሻው ተጠግቷል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ እናቶች በነጠላ ተከናንበው ምግብ ይዘው ተቀምጠዋል። የእኔም እናት ምርኩዟን አጠገቧ አጋድማ ከመካከላቸው ነበረች። ጭቃዬን አይታ «መጣህ?» አለች።

በሩ ላይ የቆመው ሚሊሺያ ዓይኑን ከብስክሌቱ ላይ መንቀል አቃተው። ራስህ ነህ የሠራኸው? ስንት ይሄዳል? ምን ይጠጣል? እያለ ጠየቀኝ። «ጥቅሉን የሠራው ወንድሜ ነው፤ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አልኩት። ትንሽ አሰበና አንዱን ልኮ አስጠራልኝ። ብስክሌትህን ይዘህ ከበሩ ገባ በልና ከግንቡ ሥር ጠብቀው አለኝ።

ወንድሜ መጣ። ራሱን ላጭተውታል። ተሳሳምን። ከዚያ ከእኔ ፊት ሳይሆን ከጎማው ላይ ዓይኑን ጣለ።

«ጋሼ፣ ጎማውን ጨርሰኸዋል። አብዝተህ ተጭነኸዋል።»

«ጭቃው ነው።»

«ጭቃም ቢሆን። ፒንሳ ይዘሃል?»

ሰጠሁት። በርከክ ብሎ ሽቦውን ፈታ፣ ጥቅሉን በጣት ስፋት ከፍ አደረገ፣ እንደገና አሠረ። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ሚሊሺያው ሮጦ ከዘበኛው ቤት ጣራ ሥር ተጠለለ፤ ጀርባውን ሰጥቶን ሲጋራ ይለኩሳል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ውጭ መንገዱ ቁልቁለት ነው።

ወንድሜ ቀና ሳይል፣ ዳዶውን እያጠበቀ፣ «ሁለት ሰው ይጭናል?» አለኝ።

ምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። እንዳልገባኝ መስዬ ላሳልፈው አልችልም ነበር።

«አይችልም» አልኩት።

ሞክሬው አላውቅም ነበር። ሳላስብ ነው ከአፌ የወጣው። ከዚያ በኋላ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ፤ ይተኩሱብን ነበር፣ በማግስቱ ይይዙን ነበር፣ እናታችን ብቻዋን ትቀር ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ያን ጊዜ ግን አንዱንም አላሰብኩትም። ፈርቼ ነበር፤ ሌላ የለውም።

«እኔም አይመስለኝም ነበር» አለ ወንድሜ። ተነሳ፣ እጁን በእርጥቡ ሣር ጠረገ፣ ፒንሳውን መለሰልኝ። «እምዬን ወደ ቤት ውሰዳት። እዚህ ካደረች ብርዱ እግሯን ይነካባታል።»

በማግስቱ ጠዋት ጭነው ወሰዷቸው። እናቶቹ ከመኪኖቹ ኋላ ሮጡ። የእኔ እናት መሮጥ ስለማትችል ቆማ ቀረች፤ እኔ ደግፌያት ነበር። ወንድሜን ከዚያ ሁሉ የተላጨ ራስ መካከል ለይቼ አላየሁትም። እሷ ግን አየሁት ትላለች።

ከሦስት ቀን በኋላ እግሯ አብጦ መራመድ አቃታት። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ የሚሸከም ሰው ስላጣሁ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ጋቢ አጣጥፌ አስቀመጥኳት፣ ወገቤን አስያዝኳት፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ብስክሌቱ ትንሽ ተንገዳገደና ቀጥ ብሎ ሄደ። ዳገቱንም ቢሆን ቀስ እያለ ወጣው። እናቴ ከኋላዬ «አይ ጎበዝ፣ አይ ልጆቼ» ትላለች። ፊቴን አለማየቷ በጀኝ።

ሁለት ደብዳቤ ደርሶናል፤ ሁለቱም ከሰሜን። በመጀመሪያው የመኪና ጥገና ክፍል ውስጥ መመደቡን፣ ደህና መሆኑን ጽፎ ነበር። በሁለተኛው ብርድ ልብስ እንዳለው፣ እናታችን እንዳታስብ ጻፈ። ለእኔ ብቻ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ወረቀቱን ገለበጥኩት፤ ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

ብስክሌቱን አንድ ክረምት እንኳ አላቆየሁትም። ሞተሩን ፈትቼ ውኃ ሊስብበት ለሚፈልግ አንድ የአትክልት ገበሬ ሰጠሁት። ዋጋ ሲጠይቀኝ «ዝም ብለህ ውሰደው» አልኩት።

ደርግ ሲወድቅ የተበተኑት ወታደሮች በእግራቸው ወደ ከተማችን መግባት ጀመሩ፤ እግራቸው ቆስሎ፣ ውኃ እየለመኑ። እናቴ ምርኩዟን ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጥና እያንዳንዱን ትጠይቅ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ሞጣ ተዛውሬ ስለነበር፣ ማታ ማታ ወደ ቤት እመልሳታለሁ። አንድ ቀን ስመልሳት፣ መንገድ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ወንድሜ ምን እንደጠየቀኝ፣ እኔም ምን እንዳልኩት።

«ብትጭነው ኖሮ ሁለታችሁንም ነበር የማጣው» አለች። ለማጽናናት ይሁን ከልቧ፣ አላወቅሁም። ክንዴን ለቃ፣ የቀረውን መንገድ በምርኩዟ ብቻ ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ዳር መውጣት አቆመች። እኔ ብቻዬን እየሄድኩ እጠይቅ ነበር። በመጨረሻ ካገኘኋቸው አንዱ፣ ጥገና ክፍል ውስጥ አንድ የሞጣ ልጅ አውቃለሁ አለኝ፤ ወፍጮ ቤት የሠራ፣ እጁ ብልህ። ስሙን ስጠይቀው የሌላ ሰው ስም ነገረኝ። ደግሞ ጠየቅሁት፤ ያንኑ ስም ደገመልኝ። ከዚያ እርቦት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ እርቦኛል አለኝ፤ ይዤው ሻይ ቤት ገባሁና እስኪጠግብ ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ።