ፕላስተር የተለጠፈበት ሲዲ

ከፍያለው ሰኞ ገበያ ውስጥ ጠባብ ክፍል ይዞ ከአሮጌ ካሴትና ሲዲ ወደ ፍላሽ ይገለብጣል። ጎረቤቱ ስለሆንሁ እዚያ መቀመጥ አዘወትራለሁ። ስለ ሙያው የምጽፈውን በትክክል መያዜን እንጃ፤ እሱ ግን ሳይሰለች ያስረዳኛል። የተበላሸ ሲዲ አይጥልም። ወደ ፀሐይ አንሥቶ ብርሃን የሚያሾልኩ ቀዳዳዎች ይፈልግበታል። "ምን በላው?" ይላል ለራሱ።

ሰሞኑን ደግሞ የመስታወት ነገር ይዞታል። ውጭ አገር ተመራማሪዎች በሌዘር ብርሃን መስታወት ውስጥ ድምፅና ጽሑፍ እንደሚያስቀምጡ፣ ለብዙ ሺህ ዓመት ይቆያል ብለው ተስፋ እንደሚያደርጉም ሰምቷል። የመስኮት መስታወት ስባሪ አምጥቶ፣ የቱ ጋ እንደሚጻፍበት ለማወቅ ይመስል በጎኑ ያየዋል።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አበባ ከኮምቦልቻ መጡ። የሟች ባለቤታቸው ዝማሬ ያለበትን ሲዲ በሻሽ ጠቅልለው ይዘዋል። የባለቤታቸው ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። በሲዲው ጀርባ የሟቹ ስም የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል።

"ምነው፣ ቆስሎ ነው?" አለ ከፍያለው።

"ቀልደኛ። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። አሁን ማጫወቻው እየተንገጫገጨ ይተፋዋል። ብልጠው ሳይሻል አይቀርም።" ጫፉን በጥፍራቸው ጀመሩት።

"ይተዉት፣ እትዬ።" ሲዲውን ቀስ ብሎ ተቀበላቸው። ከተበላሹት ሲዲዎች አንዱን አንሥቶ ፕላስተር ለጠፈበትና ላጠው። ብር የመሰለው ቅብ ከፕላስተሩ ጋር ተነሥቶ መጣ፤ የቀረው ባዶ ፕላስቲክ ነው።

"ድምፁ ያለው እዚህ ቅብ ላይ ነው፤ ቅቡም በጀርባው በኩል፣ ከላይ ነው ያለው። ሁላችንም የምንጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊቱ ነው።"

እትዬ አበባ እጃቸውን ሰበሰቡ። "በገዛ እጄ ልገድለው ነበር በለኛ።"

ከፍያለው ወጣት ሳለ ኮምቦልቻ ጎማ ቤት ሠርቷል፤ የሚንቀጠቀጥ ጎማ ሚዛኑን እንዲጠብቅ በቀለለው ጎኑ የእርሳስ ብረት ቁራጭ ይጨመርለታል። ከፕላስተሩ እኩል ሌላ ቆርጦ በዚያው በእትዬ ሲዲ ጀርባ ላይ፣ ከመጀመሪያው ትይዩ ባለው ጠርዝ ለጠፈ።

"በሽታውን እጥፍ አደረግኸው" አልሁት።

"ቆይ እስቲ።"

የኮምፒዩተሩን የሲዲ ማዞሪያ ፍጥነት ቀነሰና ሲዲውን አስገባው። ማዞሪያው አጉረመረመ፤ ዝም አለ። ሦስታችንም ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አልን። የወንድ ድምፅ መጣ፤ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ እንደገና ቀጠለ።

"ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር" አሉ እትዬ አበባ።

ከፍያለው በሁለት ፍላሽ ገልብጦ ሰጣቸው። እሳቸው ግን ሲገለበጥ ሳለ ወሬውን የነገራቸውን መስታወት እያዩ ነበር።

"እዚህኛው ላይ አይሆንም?"

"እሱ ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም።"

"ፍላሹስ ስንት ዓመት ይቆያል?"

"አላውቅም። አንዱ ብዙ ይቆያል፣ አንዱ ሳይታሰብ ይሞታል። ቶሎ ቶሎ እየከፈቱ ይስሙት። ማስቸገር ሲጀምር በሌላኛው እንተካዋለን።"

አንዱን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሌላውን መለሱለት። "ይኼ አንተ ዘንድ ይሁን። አንተም እየከፈትህ ስማው።"

"እኔ መዝሙር አልችልም፣ እትዬ።"

"ማን ዘምር አለህ? ስማው ነው ያልሁህ።"