የዛገ እስፒል የተወው ምልክት

የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች «አይነኬ» ይሏታል። ከወጣትነቷ ጀምሮ በምድር ቤቱ የድሮ ወረቀት ክፍል ስትሠራ «አትንኩ!» የሚለው ቃል ከአፏ ተለይቶ አያውቅም። ዘበኛው እንኳ በዚያ ሲያልፍ እጁን ኪሱ ይከታል። «ግድግዳውን ነካህ እንዳትይኝ ብዬ ነው» እያለ ያስቃታል።

የፕሮፌሰሩ ወረቀት የመጣ ቀን ግን እሷው ራሷ እጇን መሰብሰብ አቃታት። ሥነ ጽሑፍ ያስተማሯት፣ ግጥም ሲያነቡ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኙት ሰው አርፈው፣ ባለቤታቸው ካርቶኖቹን በመኪና አስጭነው ልከው ነበር። አይነኬ የዩኒቨርሲቲውን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ በአንድ ሣጥን፣ ግጥሙን በሌላ ለየች። የዛጉት እስፒሎች ወረቀቱን እንዳይበሉት እየነቀለች ጣለች። ሥራዋ አምሮላት ሳለ አሮጊቷ ባለቤታቸው ሊያዩ መጡ።

«ምነው ልጄ! ይሄ ግጥም ብቻውን ምን ይሠራል?»

«እትዬ፣ ግጥሙ ከግጥም ጋር ይሁን ብዬ...»

«እሱ እኮ ግጥም የሚመጣለት ስብሰባ ላይ ነው። ከዕለቱ ቃለ ጉባኤ ጋር በእስፒል ሰክቶ ይዞ ይመጣል። ዕድሜያችንን ሙሉ፣ ሲገባ ‹ዛሬ ደግሞ ምን አሰለቸህ?› እለዋለሁ፤ ሁለቱን አከታትሎ ያነብልኛል።» ሣጥኖቹን አዩ። «አፋታሻቸው እኮ! ካላስታረቅሻቸው ወደ ቤቴ እመልሳቸዋለሁ።»

ግጥሞቹ ቀን አልተጻፈባቸውም። አይነኬ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጣች። በመጨረሻ አንዱን የግጥም ገጽ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። ጥጉ ላይ ሁለት ቡናማ ነጥቦች አሉ፤ የእስፒሉ ዝገት። ቃለ ጉባኤዎቹን አንድ በአንድ ታይ ጀመር። አንዱ ልክክ ብሎ ገጠመ፤ ነጥብ በነጥብ ላይ ተቀመጠ።

ቃለ ጉባኤው «የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ስለሚያፈስ በአስቸኳይ ይደፈን» ይላል። ግጥሙ ደግሞ፦ «ሰማይ ቀዳዳ አለው፤ እባካችሁ ማንም አይድፈነው።»

ሁለቱን ደጋግማ አነበበቻቸው። ያ ሁሉ ግጥም የፈለቀው ከዚህ ነው? ከወንበር ጥገና፣ ከጠመኔ እጥረት፣ ከሊቀ መንበሩ ረጅም ንግግር? ፈጣሪ ለአንዳንዱ የሚሰጠው ጆሮ ምን ዓይነት ነው!

አሮጊቷ ሲመለሱ አብዛኛው ተጋጥሟል፤ ጥንዱ ያልተገኘለትም ለብቻው ተቀምጧል። ወንበር ስበው ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እስቲ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አሰለቸው?»

አይነኬ ጣሪያውን አነበበች፤ ቀጥላም ሰማዩን። አሮጊቷ ጣታቸውን ወደ ዝገቱ ሰደዱና «አትንኩ» የሚባልበት ክፍል መሆኑ ትዝ ብሏቸው ደንግጠው መለሱት።

«ይንኩት፣ እትዬ» አለቻቸው።