ኩርባው ላይ የነበረው ፍጥነት

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ከአሶሳ ወጣ ብሎ ስለሆነ ጠዋትና ማታ በባጃጅ ነው የምንመላለሰው። ወደ ከተማ ሲመጣ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ከትንሿ ድልድይ በፊት ወደ ግራ ይታጠፋል። አንድ ዓርብ ከሥራ ስንመለስ የተሳፈርንበት ባጃጅ እዚያ ኩርባ ላይ ተገለበጠ። አብሮኝ የሚኖረው የኬሚስትሪ መምህር ሞተ። እኔ ክርኔ ተላጠ።

ጓደኛዬ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ነበር። የሾፌሩ ወንበር ለአንድ ሰው የተሠራ ነው፤ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ሾፌሩ ወደ ግራ ይጠጋና ግማሽ ጎኑ ውጭ ሆኖ ይነዳል። እኛ ጋ ይህ እንደ ጥፋት አይታይም። ትራፊክ ከሩቅ ከታየ ፊት ያለው ሰው ወርዶ በእግሩ ያልፋል፣ ትራፊኩን ካለፉ በኋላ ተመልሶ ይገባል። ጓደኛዬ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጉልበቱ ኋላ አይገባለትም ነበር። "ኋላ ወንበር የአጫጭሮች ርስት ነው" ይለኝ ነበር፣ እኔን ወደ ውስጥ እየገፋ።

ስንገለበጥ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ደክሞኝ እንጂ ተኝቼ አይደለም። ስለዚህ ስለ ፍጥነቱ የማስታውሰው ነገር የለም። አስክሬኑን ዘመዶቹ መጥተው ወደ ሰሜን ሸዋ ወሰዱት። ሾፌሩ ታሰረ፣ ከዚያ በዋስ ተለቀቀ። የአካባቢው ልጅ ነው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ በቅርቡ ልጅ የወለደ።

ሰኞ ክፍል ገባሁ። የደረስንበት ምዕራፍ ክባዊ እንቅስቃሴ ነበር። ልዝለለው ብዬ አላሰብኩም፤ ቅደም ተከተሉ እንዲያ ነው። ባልዲ ውኃ ሞልቼ በክንዴ ከራሴ በላይ አዞርኩት። ውኃው አልፈሰሰም። ወትሮ ተማሪዎቹ እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ፤ ያን ቀን አላጨበጨቡም። እኔም ማብራራቴን ቀጠልኩ። የሚዞር ነገር በየቅጽበቱ ወደ መሐል የሚስበው ኃይል ያስፈልገዋል። ባልዲውን ክንዴ ይስበዋል፣ ጨረቃን የመሬት ስበት፣ መኪናን ደግሞ በጎማና በአስፋልት መካከል ያለው ሰበቃ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ያለ የሚመስለን አካላችን ቀጥ ብሎ መሄድ ስለሚፈልግ ነው።

ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ እሳቸው ቀጥ ብለው ሄዱ ማለት ነው?"

አዎ አልኳት። ከዚያ የሚቀጥለውን ምሳሌ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ድምፄ ከጎረቤት ክፍል እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ገመድ ይዤ ወደ ኩርባው ሄድኩ። ገመዱን በኩርባው አንድ ጠርዝ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ ወጥሬ መሐሉ ላይ ጠርዙ ከገመዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለካሁ፤ ከዚያ የክቡን ስፋት ማስላት ይቻላል። የተገለበጠው ባጃጅ ብረት አስፋልቱ ላይ የተወውን ጭረት ርዝመትም ለካሁ። ሥራ ነበር፣ ሠራሁት። ማታ የጓደኛዬን ብርድ ልብስ አጥፌ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩ።

አባቱ ዕቃውን ሊወስዱ ሲመጡ እኔ ዘንድ አረፉ። ብዙ አይናገሩም። የሾፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ልከው እንታረቅ አሏቸው። ዕርቁ ክሱን ባያስቀርም ፍርድ ቤት ቅጣት ሲያስብ ይመለከተዋል፤ የሾፌሩ እስር የሚረዝመውም የሚያጥረውም እዚያ ላይ ነበር። ከተማው ውስጥ ግን ልጁ ይሽቀዳደም ነበር የሚል ወሬ አለ። አባትየው ይህን ሰምተዋል። ለሽማግሌዎቹ የመለሱት መልስ አጭር ነበር፤ ከእጁ ካመለጠው ይታረቃሉ፣ ለጥድፊያ ብሎ ከገደለባቸው ግን አይታረቁም።

ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩ ሰፈር ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ጠበቀን። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ተቀበሉን። ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ሾፌሩ ከቤቱ በኩል ብቅ አለ። ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል።

የበርታ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። የእነሱ ልማድ አልነበረም። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመን አባትየው አገር ያለ ሥርዓት ነው፤ ለሾፌሩ የነገሩት አብረውት የሚነዱ፣ ወላጆቻቸው ከወሎ በሠፈራ የመጡ ጓደኞቹ ናቸው። ድንጋዩን ነግረውት ትርጉሙን ግን ሳይነግሩት ቀርተዋል።

አባትየው ፊታቸው ጠቆረ። "ድንጋይ የተሸከመ ጥፋቱን ያመነ ነው" አሉ። "እንግዲህ ምን ቀረ? ይሮጥ ነበር ማለት ነው።"

ሾፌሩ ጎንበስ እንዳለ በተሰባበረ አማርኛ "አባቴ፣ እኔ ድንጋይ አላውቅም" አለ። "ክብር ነው አሉኝ። ባጃጅ እሷ አልሮጠም።"

አማርኛ የሚያውቁት ሽማግሌ ለሌሎቹ በበርታ አስረዱ። ወዲያው ሁሉም በአንድ ላይ መናገር ጀመሩ። አባትየው ነጠላቸውን ሰብስበው ለመነሳት እጃቸውን መሬት ላይ ሲያስደግፉ አየሁ። ከተነሱ አይመለሱም። ያን ጊዜ ልናገር አልኩ።

ከዛፉ ሥር የወደቁ ማንጎዎች ነበሩ። ሦስቱን አንስቼ አንዱን ከፊት፣ ሁለቱን ከኋላ አስቀመጥኩና በእንጨት አገናኘኋቸው። ይህ ባጃጁ ነው፣ ሦስት ጎማ፤ ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ። ክብደቱ ሁሉ የተሰበሰበበት የሚመስል አንድ ነጥብ አለ፤ ለእሱ አራተኛ ማንጎ አስቀመጥኩ። ስበት ይህን ነጥብ ወደ ታች ይይዘዋል፣ መታጠፉ ደግሞ ወደ ጎን ያጋድለዋል። ሰዎች ኋላ ከተቀመጡ ነጥቡ ሰፊው ቦታ ላይ ስለሚሆን ቢያጋድልም ይመለሳል። ፊት ሰው ሲጨመር ወደ ጠባቡ ይሄዳል፤ ያኔ ትንሽ ማጋደል ይበቃዋል። ስለ ሰበቃም ማስረዳት ጀመርኩ፣ የኩርባውን ስፋት እንዴት እንዳገኘሁ ወደ መዘርዘርም ገባሁ።

አባትየው አቋረጡኝ። "አንተ ልጅ" አሉት ሾፌሩን፣ "አስቀምጠው፣ እሱ እስኪጨርስ።"

ሾፌሩ ድንጋዩን አወረደ። ሽማግሌዎቹ ይቅር ያሉት መስሏቸው እጃቸውን ለምርቃት ዘረጉ።

"ገና ነው" አሉ አባትየው። "አንገቱን አይቼ ነው። ቀጥል።"

አስተርጓሚው ሽማግሌ እስካሁን ያልኩትን ሁሉ በበርታ በሁለት ቃል ጨረሱት። ምን እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

"አልሮጠም አልኳቸው።"

"እሱን ገና አላልኩም" አልኩ። አንደኛው ሽማግሌ በበርታ አንድ ነገር ሲናገሩ ሌሎቹ ሳቁ። በኋላ እንደተነገረኝ፣ ይህ መምህር ሳይፈትነን አይለቀንም ማለታቸው ነበር።

እውነት ነው፣ ገና አላልኩም። እስካሁን ያስረዳሁት ባጃጁ በዝግታም ሊገለበጥ እንደሚችል ነው። ሊገለበጥ ይችላል ማለት በዝግታ ተገለበጠ ማለት አይደለም፤ በፍጥነት ቢሄድማ የባሰ ይገለበጣል። ስሌቱ የሚሰጠው ትንሹን ፍጥነት እንጂ ትልቁን አይደለም። ይህንንም ለአባትየው በግልጽ ነገርኳቸው። ሾፌሩ እኔን ቀና ብሎ አየኝና ዓይኑን መለሰ።

"ትልቁን የሚናገረው ጭረቱ ነው" አልኩ። "ባጃጁ ከወደቀ በኋላ የሚያቆመው ሰበቃ ብቻ ነው። ይሮጥ ከነበረ እየተንሸራተተ ድልድዩ ድረስ ይሄድ ነበር። ጭረቱ ግን ከዚህ ምንጣፍ እስከዚያ በር አይሞላም። ብስክሌት ከሚነዳ ልጅ ብዙ አይፈጥንም ነበር።"

አሁን አስተርጓሚው ሽማግሌ ተርጉመው ጨረሱ፤ ማንም አልሳቀም። አባትየው አራተኛውን ማንጎ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ኋላ ጎማዎች ሳቡት።

"ኋላ ቢቀመጥ ኖሮስ?"

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ። ተማሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰውን መለስኩ። "ያጋድል ነበር። የመመለስ ዕድሉ ግን የበዛ ይሆን ነበር።"

"ፊት ተቀመጥ ያለው አለ?"

"የለም አባቴ" አለ ሾፌሩ። "እሱ ሁልጊዜ ፊት ነው። እኔም ቦታ ሰጠ።"

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቁመቱ የአባቴ ነው" አሉ። "እኔን ዘሎ እሱ ላይ ወረደ።" እኔ ማንጎዎቹን እያየሁ ነበር። ስለ ጓደኛዬ እየተነጋገርን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በእንጨት የሠራሁት ሦስት ማዕዘን አንዱ ጎን መጣመሙ ነበር የሚታየኝ።

አስተርጓሚው ሽማግሌ፣ ልጁ ድንጋዩን መልሶ ይሸከም እንደሆነ በአክብሮት ጠየቁ። ሥርዓቱን ማበላሸት አልፈለጉም።

"ድንጋዩ ይቅር" አሉ አባትየው። "ቦታ መስጠቱ ጥፋት ነው። እንደዚያ ያለውን ጥፋት ሁላችንም አለን። ታርቄያለሁ፤ ፍርድ ቤትም ይህንኑ እላለሁ። አንተ ግን ከእንግዲህ ከጎንህ ሰው አታስቀምጥ።"

ሾፌሩ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ይዘው አስቆሙት። ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ከፍተው ዱዓ አደረጉ፣ አባትየውም አማተቡ። ጓደኛዬ ከሞተ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ቀን አለቅሳለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም።

በማግስቱ አባትየውን ወደ መናኸሪያ ልሸኝ አብረን ወጣን። የጓደኛዬን ሻንጣ እሳቸው አንጠለጠሉ፣ እኔ የተጠቀለለውን ስፖንጅ ፍራሽ ያዝኩ። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። የዚህኛው ሾፌር ያውቀኛል። "ግቡ ቲቸር፣ ኋላ ባዶ ነው" አለ። ከጎኑ አንድ ወጣት ተቀምጧል።

አባትየው ጎንበስ ብለው ወጣቱን አዩት። "ልጄ፣ ኋላ ና፣ አብረን እንቀመጥ።"

"እዚህ ይነፍሳል አባባ፣ ተመችቶኛል" አለ ወጣቱ፣ ፈገግ ብሎ።

"ይሂድ" አሉኝ። የሚቀጥለውን ጠበቅን፤ እሱም ፊት ሰው ጭኗል። ከእሱ በኋላ የመጣውም እንደዚያው። አባትየው ሻንጣውን ትከሻቸው ላይ አደረጉና መናኸሪያው ሩቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ብዙም አይርቅም አልኳቸው። በመንገዱ ጠርዝ ጠርዝ፣ እሳቸው ፊት እኔ ኋላ ሆነን፣ በእግራችን ሄድን።